የእድሩ ባትሪና የሕያው ስም የማይጠራው ጥሩምባ

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አልፎኛል፤ ጫማዬን ግን የቆጮ ሽታ እስካሁን አለቀቀውም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እህ፣ ፒያሳ እንዴት ሰነበተች?» እያለ ስለሚያቆመኝ፣ ሃያ ጊዜ ከማወራ አንዴ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። መንደራችን ከእምድብር አለፍ ብላ ያለች፣ የመብራት ምሰሶ በሩቁ የሚያልፋት ናት። ከዓመታት በፊት በእድራችን አዳራሽ ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቅለን፣ ባትሪ ገዝተን፣ ለየቤቱ ሁለት ሁለት አምፖል አበራን። ሊቀመንበሩ እኔ ነበርኩ፤ ዕድሜውን በሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው አይሳሳትም ተብሎ። ባትሪው ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሰሌዳው ዛሬም አለ፤ ቀን ቀን ስልክ ይሞላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እሱም ይተኛል።

ባትሪውን ማን ገደለው ሲባል፣ ፀጉር አስተካካዩ ዘበርጋ የፀጉር መቁረጫውን በድብቅ ሲሰካ ተያዘ። ከእድር ተሰረዘ። ከእድር የተሰረዘ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም። እውነቱን ግን አሁኑኑ ልናገርና ይውጣልኝ። ባለቤቴ ብርቄ ስኳር አለባት፤ የምትወጋው ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። እኔም ከወልቂጤ ትንሽ ማቀዝቀዣ ገዝቼ ከጎተራው ጀርባ ሰክቼ ነበር። ለብርቄ «ተፈቅዶልናል» አልኳት። ማንም አልፈቀደልንም። ቀንና ሌሊት ከሚሠራ ማቀዝቀዣ አጠገብ የዘበርጋ መቁረጫ ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። እሱ ይሰረዝ ሲባል ግን እኔም እጄን አወጣሁ።

ዘንድሮ መንደሩ እንደገና ተዋጥቶ አዲስ ባትሪ ይገዛ አለ። ከሁሉም በላይ የተቃወምኩት እኔ ነኝ። ብርቄ መድኃኒቷን በእርጥብ ማሰሮ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ በበጋ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶባት ሆስፒታል ገብታለች። ይህንን እያየሁ ተቃወምኩ፤ አዲስ ይገዛ ከተባለ አሮጌው ለምን እንደሞተ ይጠየቃላ! በመጨረሻ ፒያሳ ያለ አንድ እድር ባትሪ ገዝቶ እንደተሳካለት ተሰማና «ወልዴ ሄዶ ይየው፤ እሱ ካመነ ሁላችንም እናዋጣለን፤ እሑድ ይንገረን» ተባለ። እኔም ሰበብ ፍለጋ ተነሣሁ።

ረቡዕ

ከወልቂጤ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ እግሬ ሥር አስቀመጠች። ወሊሶ ስንደርስ የቆጮው ውኃ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ሴትዮዋ እንዳየች «ውይ አባቴ! ልሙትልዎት!» ብላ ቢያንስ አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ያ አልበቃ ብሏት ከጥቅሉ አንዱን ፈትታ በግድ አሸከመችኝ። ወሊሶ ምሳ ሽሮ በላሁ፤ የእኛ አገር ቅቤ ባይኖርበትም ትኩስ ነበር። ከዚያ ቱሉ ቦሎ፣ ዓለም ገና፣ አየር ጤና። ጥቅሌን ታቅፌ ነው የደረስኩት።

አየር ጤና ላይ የያዝኩት ታክሲ ረዳት ጆሮዬ ሥር «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል እየሰማሁ፣ ያልፈኛል ብዬ ፈርቼ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድኩ። ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ። የቸርችልን ዳገት በነሐሴ ዝናብ ቆጮ ታቅፎ መውጣት ለጠላት አይመኙትም። የእኛ ዳገት ቢያንስ የሚጠለሉበት ባሕር ዛፍ አለው። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር መጥቼ ያየሁት ዶሮ ማነቂያ ብዙው ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ ቆሜ የት እንዳለሁ እስካጣራ ድረስ ይበልጥ ራስኩ። የምፈልገው እድር ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከቀሩት ቅያሶች በአንዱ ውስጥ ነው። ሰፈር የለወጡት አባላቱም ከእድሩ አልወጡም፤ ከያሉበት ይመጣሉ።

ድልድዩ ጋ ስደርስ መሸትሸት ብሏል። መብራት ሄዶ ነበር። ሱቆቹ በር ላይ ጄኔሬተሮች ይጮኻሉ፣ ጢሱ ያፍናል፣ ሰው እየተጯጯኸ ነው የሚነጋገረው። ከዚያ ወደ ቅያሷ ታጠፍኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከአፍ እስከ ገደፏ በርታለች። የሚጮኽ ነገር የለም፤ የልብስ ስፌት መኪና ብቻ ከየቤቱ ይሰማል። ዝናቡ በአምፖሎቹ ሥር ሲወርድ ይታያል። እኔ ሰበብ ፈላጊው፣ በረሰረሰ ጫማ ቆሜ አፌን ከፍቼ አየሁ። ሰው በራሱ መዋጮ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል?

አስተናጋጄ የመንደራችን ተወላጅ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ፒያሳ ተድረው ገብተው እዚያው ያረጁ። ቆጮውን ሲያዩ ጨበጡና አሸተቱት፤ ከእኔ ይልቅ እሱን የናፈቁ መሰለኝ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ግን ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ። እኛ አገር የእድር ጥሩምባ የሚነፋው ለአንድ ነገር ነው። ጋቢዬን አደግድጌ፣ «ወይኔ! ወይኔ!» እያልኩ እንባዬን አውጥቼ ወደ ደጅ ሮጥኩ።

ደጅ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጥሩምባቸውን በእጃቸው ይዘው «ባትሪው ከግማሽ በላይ ነው! ቀኑ ደመና ስለነበር ቆጠብ አድርጉ! ቀዩ ሶኬት ላይ አምፖልና ስልክ ብቻ!» እያሉ ይለፍፋሉ። እኔን ሲያዩ ልፈፋቸውን አቋረጡ።

«ጌታው፣ ማንን ልትቀብር ነው?» አሉኝ።

«ሰው ሞቶ መስሎኝ...»

«ሦስቴ ስነፋ ነው የሞት። አንዴ ከሆነ የባትሪ ነው። እንባህን መልሳት፣ ለሌላ ቀን ትሆንሃለች።»

ቅያሷ ሁሉ ሳቀብኝ። ጥሩምባ ነፊው ጋሽ በቀለ ይባላሉ። እትዬ አስካለም ከበር ሆነው «ተው በቄ፣ የአገሬን ሰው ገና ሳይደርስ ፋራ አታድርግብኝ!» ይሉ ነበር። ያንን ቆጮ በጎመንና በአይብ አበሉኝ። የተኛሁባት ክፍል ግድግዳ ላይ ሁለት ሶኬት ነበር፤ አንዱ ቀይ ተቀብቷል። «ቀዩ የባትሪው ነው፤ አምፖልና ስልክ እንጂ ሌላ አይንኩበት» አሉኝ። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ባትሪውን ያሳየኝ ሙዘሚል የሚባል፣ የእድሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የእድሩ ቤት እንደማንኛውም የእድር ቤት ነው፤ የተጠቀለለ ድንኳን፣ የተደራረበ አግዳሚ፣ ሰው የሚገባበት ድስት። በእነዚህ መካከል፣ ዙሪያው ክፍት ተትቶለት፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ነጭ ሳጥን ቆሟል። የእኛ ባትሪ እኮ አሲድ ይሸት ነበር፣ አፉ ላይ ነጭ ነገር ይወጣው ነበር። ይኼ አይሸትም፣ አይጮኽም። እጄን ባደርግበት ለብ ይላል። ትናንት ያየሁት ብርሃን ሁሉ፣ የስፌት መኪናው ሁሉ ከዚህ ወጣ ሲለኝ፣ ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ሙዘሚልም አልሳቀም። «መጀመሪያ ቀን እኔም እንደዚያ ነው ያደረገኝ» አለኝ።

«እንዴት ገዛችሁት?» አልኩት።

«ድንኳኑ አርጅቶ ሊለወጥ መዋጮ ተጀምሮ ነበር። እትዬ አስካለ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ‹ለሬሳ የሚሆን ድንኳን ሲባል ሳናቅማማ እናዋጣለን፤ ለቆመው ሰው ግን አዋጥተን አናውቅም› አሉ። ከዚያ ስንት እሑድ ተጨቃጨቅን መሰለዎት! በመጨረሻ ሁሉም ቤት እኩል ድርሻ ገዛ። ገንዘብ ያልነበረው ወለሉን ሠራ፣ ሽቦውን ጎተተ፤ ያም እንደ ድርሻ ተቆጠረለት። ባለቡናውም ባለ ሁለት ፎቁም አንድ አንድ ድርሻ ነው ያለው።»

ደንቡን ነገረኝ። ለቅሶ ያለበት ቤት ሦስት ቀን ቅድሚያ አለው፤ የቀረው ሰው ይቀንስለታል። ልብስ ሰፊዎች እስከ ማታ ይሠራሉ። የማኪያቶ ማሽን አይፈቀድም፤ በዚህ የተነሣ ባለ ቡና ቤቱ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው። ሙዘሚል ይህን ሲያወራ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ያምርበታል ይህ ልጅ።

ከዚያ ጥግ ያለች ማቀዝቀዣ ከፈተልኝ። በውስጧ ትናንሽ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ በየካርቶኑ ላይ የአባል ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። ኢንሱሊን ነው። የእስላሙም የክርስቲያኑም፣ የአሮጊቷም የታክሲ ሾፌሩም። ባትሪው ምን ቢደክም መጨረሻ የምትጠፋው ይህች ማቀዝቀዣ ናት አለኝ። እኔ ከጎተራ ጀርባ የደበቅኩትን እነሱ እድሩ ቤት በግልጽ አስቀምጠው ስም ጽፈውበታል።  ብጠይቅ ኖሮ የመንደሬም ሰው ይፈቅድልኝ ነበር ብዬ ከዚያ በፊት አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ቀኑን የባትሪ ዋጋ እየጠየቅኩ በዝናብ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ዋልኩ። ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ክፍሌ ስገባ እግሬ ደንዝዟል፤ ካልሲዬ ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል። መብራት ዛሬም ሄዷል። ጥግ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ስቶቭ አየሁ። ነጩ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ የለም። ቀዩን አየሁት። ጋሽ በቀለ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ባትሪው ከግማሽ በታች ነው ብለው ለፍፈዋል። «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው» አልኩ። ማቀዝቀዣውን የሰካሁ ቀንም «ለጊዜው ብቻ ነው» ነበር ያልኩት።

ስቶቩ መቅላት እንደጀመረ ክፍሉ ጨለመ። ቅያሷም ጨለመች። የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ አሉ፤ ከዚያ ጸጥታ የበለጠ የሚያስፈራ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የማስበው ያችን ማቀዝቀዣ ነበር። በድንጋጤ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ጥሩምባው ተነፋ። ጋሽ በቀለ ከጨለማው ውስጥ «ከባድ ነገር የሰካችሁ ንቀሉ! ንቀሉና ተቀመጡ! ስም አልተጠየቀም!» እያሉ በበራችን አለፉ። ከአፍታ በኋላ መብራቱ ተመለሰ፤ መኪናዎቹም ስፌታቸውን ቀጠሉ። ማንም አልተሳደበም። እኔ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ከስቶቩ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ።

እትዬ አስካለ ገቡ። ስቶቩን አዩት፤ ገመዱ ቀዩ ሶኬት ሥር ወድቋል። እኔን አላዩኝም። ወጡና በከሰል የሞቀ ውኃ በገንዳ ይዘው ተመለሱ።

«እግርዎን ያስገቡ» አሉ። «ቀኑን ሙሉ በእርጥብ ጫማ ሲዞሩ እያየሁ አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት በኔ ጥፋት ይቅርታ ጠየቁኝ። ገንዳው ውስጥ እግሬን ከትቼ አለቀስኩ፤ የትናንቱ ዓይነት ለቅሶ አልነበረም። እሳቸውም ፎጣውን ጭኔ ላይ አስቀምጠው ምንም ሳይጠይቁ ወጡ።

እግሬን አድርቄ ወደ እድሩ ቤት ሄድኩ። ሙዘሚልና ጋሽ በቀለ እዚያው ነበሩ።

«ስቶቩን የሰካሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሙዘሚል ስልኩን አሳየኝ። የእትዬ አስካለ ቤት ቁጥር በቀይ ያበራል። «የትኛው ቤት እንደሆነ መሣሪያው ወዲያው ይነግረናል» አለ። «ግን አንጠይቅም። ያጠፋው ሰው ራሱ እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

«ካልመጣስ?»

«እስከ ዛሬ ያልመጣ የለም።»

ይህን እንዴት አሰባችሁት ብዬ ስጠይቅ የመለሱልኝ ጋሽ በቀለ ናቸው። ቀልዳቸውን ትተው ነበር። «መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ያጠፋውን ሰው ስም በጥሩምባ አስነገሩኝ። አንዲት ባልቴት ነበረች፣ ለልጅ ልጇ ውኃ ልታሞቅ የሰካች። ስሟን ለፈፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቷ መውጣት አቆመች፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀረች። እኔ በዚህ ጥሩምባ የሙት ስም ነው የምጠራው። የቆመ ሰው ስም ጠርቼበት፣ ይኸው ሴትዮዋን ገደልኳት አልኩ። ጥሩምባውን እድሩ ቤት አስቀምጬ ሄድኩ። ደንቡን ለውጠው፣ ሽማግሌ ሆነው በሯ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀው እስኪያስወጧት አልነፋሁም።»

ስለ ዘበርጋ ለእነሱ አልነገርኳቸውም። ግን ያን ሌሊት እሱን ሳስብ አደርኩ።

ዓርብ

እንደ ደንባቸው ያጠፋ ሰው በማግስቱ የእድሩ ቤት ጣሪያ ላይ ያሉትን የፀሐይ ሰሌዳዎች ያጥባል። እንግዳ ነው ብለው ሊምሩኝ ቢሉም አሻፈረኝ አልኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሽ በቀለ መሰላሉን ይዘው «መምህር፣ ከወደቅክ ዛሬ ሦስቴ ነው የምነፋው!» ይሉኛል። ጣሪያው ላይ በጨርቅና በውኃ ጥቀርሻውን ስወለውል ፀሐይ ወጣች። ከዚያ ላይ የፒያሳ ቆርቆሮ ሁሉ፣ አዲሱም ሕንፃ አሮጌውም ሰገነት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላትና የመስጊዱ ሚናራ ታጥበው ያበራሉ። ከታች ሙዘሚል «መጣ! እየሞላ ነው!» ብሎ ጮኸ። እጄ ካለበት ሰሌዳ ብርሃኑ በሽቦ ወርዶ ለማታ ሊቀመጥ ነው። ይህንን ለዓመታት ተማሪዎች ሳስተምር ኖሬ፣ የገባኝ ያን ቀን ነው ብል አትሳቁብኝ። ዝም ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ቅዳሜ

እትዬ አስካለ ያን እርጥብ ጫማ በጋዜጣ ጠቅጥቀው አድርቀውልኝ ነበር። ለብርቄ ብለው አንድ ሻሽ፣ ለመንገድ ብለው ዳቦ አሸከሙኝ፤ ጋሽ በቀለም እስከ ታክሲው ድረስ ሸኙኝ። መንገዱ ሰላም ነበር።

ማታ ለብርቄ ሁሉንም ነገርኳት። ሻሹን ጭኗ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝ። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር።

«ዘበርጋ በኔ መድኃኒት ነው የተሰረዘው?» ብቻ አለች። አዎ አልኳት። ዕራት አልበላችም።

እሑድ

ከስብሰባው በፊት ዘበርጋ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ መቀሱን ይስላል። ለሦስት ዓመት ያን ደጅ አልረገጥኩም።

«ዘበርጋ፣ ባትሪውን የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። መቀሱን መሳል አላቆመም።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ፀጉርህን ላስተካክል ስመጣ ከጎተራው ጀርባ ማቀዝቀዣው ሲያንጎራጉር ሰማሁት። የብርቄ መድኃኒት ውስጡ እንዳለ አየሁ። ታዲያ ምን ልበል? ንቀሉባት ልበል?»

 እግሩ ላይ ልወድቅ ብል በክርኑ ከለከለኝ፤ «ተው፣ መቀስ ይዣለሁ» አለ። ዛሬ ለሁሉም እናገራለሁ፣ ብቻ አብረኸኝ ሁን አልኩት። ኮቱን ለበሰና ተከተለኝ። አዳራሹ ስንደርስ ግን አባል አይደለሁም ብሎ በር ላይ ቀረ።

ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ባትሪውን፣ ማቀዝቀዣዋን፣ ጥሩምባውን። ቀጥዬም የእኛን ባትሪ ማን እንደገደለው፣ ዘበርጋ ያለ ጥፋቱ እንደተሰረዘ፣ እያወቀም ዝም እንዳለ ተናገርኩ።  ከእኔ በኋላ የተመረጠው ሊቀመንበር ተነሥቶ «እንግዲህ... ባትሪው ይገዛ የምትሉ» አለ። አንድም እጅ አልወጣም። ከዚያ ከበሩ በኩል አንድ እጅ ተነሣ፤ የዘበርጋ ነው።

«እሱ እኮ አባል አይደለም፣ አይቆጠርም» አለ ጸሐፊው ቀስ ብሎ።

ብርቄ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

«ከእሱ ጀምራችሁ ቁጠሩ» አለች።

አንድ በአንድ እጅ ወጣ፤ ከእሱ ጀምረው ቆጠሩ።